አስም ላለበት ሰው አልጋ ማዘጋጀት፦ ጣና ዳር ለምንኖር

ባሕር ዳር ላይ እያስነጠሰ የሚነጋለት ሰው ብዙ ነው። ምን ሆነህ ነው ብትሉት መልሱ ከሁለት አያልፍም። «ብርድ መትቶኝ ነው» ወይም «ሳይነስ አለብኝ» ይላችኋል። ብርድ ከተባለ ደግሞ ቀጣዩ ይታወቃል። መስኮት ይዘጋል፣ በበሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል፣ ሌላ ብርድ ልብስ ይደረባል። ቤቱ ውስጥ አስም ያለበት ልጅ ካለማ ክፍሉ ጭራሽ ታሽጎ ያድራል።

ቀዝቃዛ አየር አስም የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች በእርግጥ አሉ። ሐይቅ ዳር ላለ ቤት ግን ትልቁ ጣጣ እርጥበቱ ይመስለኛል። እርጥበት መኝታችን ውስጥ የሚኖር አንድ ተባይ ያረባል። ከዚህ በታች መኝታውን እንዴት ማድረቅ፣ ማጠብና መሸፈን እንደሚቻል በየተራ እጽፋለሁ። ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ጉልበትና ፀሐይ ግን ይፈልጋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አልጋ ማጽዳት መድኃኒት አይተካም። ሐኪም ያዘዘው ፓፍ (በአፍ የሚሳበው መድኃኒት) ይቀጥላል፤ «አሁን ቤቱ ንጹሕ ነው» ተብሎ አይቆምም። ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ እስኪያቅተው ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲተነፍስ በጎድን አጥንቶቹ መሐል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም የማስታገሻው ፓፍ አልሠራ ካለ፣ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ምንድን ነው የሚያስቸግረን?

የአቧራ ተባይ እንበለው። ከሸረሪትና ከመዥገር ወገን ነው፣ ስምንት እግር አለው። ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ ስለሆነ በዓይን አይታይም። እንደ ትኋን አይነክስም፣ ደምም አይመጥም። የሚበላው ከቆዳችን በየቀኑ የሚረግፈውን ቅርፊት ነው። እሱ ደግሞ ትራስና ፍራሽ ላይ ሞልቶለታል።

ሰውን የሚያሳምመው በዋናነት ኩሱ ነው። ኩሱ ውስጥ ተባዩ ምግብ የሚፈጭባቸው ፕሮቲኖች አሉ። ብርድ ልብስ ስናራግፍ ወይም ትራሱን ስንመታ ብን ይላል፣ ከዚያ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ተመልሶ ይሰፍራል። አለርጂ ያለበት ሰው ሲተነፍሰው አፍንጫው ይዘጋል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ተባዩ ከሞተ በኋላ እንኳ ኩሱ ለወራት ማሳመሙን አይተውም። ስለዚህ መግደል ብቻውን አይበቃም፣ ታጥቦ መውጣት አለበት።

የቤት አቧራ ሰውን እንደሚያሳምም ሐኪሞች ቀድመውም ያውቁ ነበር። ጥፋተኛው ይህ ተባይ መሆኑን የሆላንድ ተመራማሪዎች ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እኛም አገር ተጠንቷል። በጅማ ከተማና በአካባቢዋ ገጠር የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ተገኘ። በከተማው ውስጥ ለአቧራ ተባይ አለርጂ መሆንና የደረት ሲርሲርታ አብረው ሲሄዱም ታይቷል።

አሁን ለእኛ ዋናው ነገር ይመጣል። ተባዩ ውሃ አይጠጣም። የሚኖረው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ነው። የክፍሉ እርጥበት ለሳምንታት ከ50 በመቶ በታች ከቆየ ደርቆ ይሞታል። ከ65 እስከ 80 በመቶ ከሆነለት ግን ይራባል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዳቮስ የምትባል የተራራ ከተማ አለች፣ 1,560 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። አየሯ ደረቅ ስለሆነ ተባዩ እምብዛም የለም። አስም ያለባቸው ሰዎች ለብዙ ዓመታት ለሕክምና ሲሄዱባት ኖረዋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ከዳቮስ ትበልጣለች። ግን ከፍታው ብቻውን ምን ያደርግልናል? ሐይቁ አጠገባችን ነው፣ ክረምቱም ብርቱ ነው። ሐምሌ ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ የሚሻግትበት ቤት ፍራሹ ደረቅ ነው ብሎ ራሱን አያታልል።

1. መጀመሪያ አልጋው መሆኑን ጠርጥሩ

ሁሉም አስም ከአልጋ አይመጣም። ከመድከማችሁ በፊት ሰውየውን ታዘቡት። አልጋ ሲያነጥፍ ያስነጥሰዋል? ሌሊት ወይም ሊነጋጋ ሲል ይብስበታል? ለጥቂት ቀናት ሌላ ቦታ ሲያድር ይሻለዋል? ዓመቱን ሙሉ እየቆየ ክረምቱ መጨረሻ ላይ ይጠነክራል? ለብዙዎቹ አዎ ካላችሁ አልጋው ተጠርጣሪ ነው።

የሚባባሰው ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ ወይም ከሰል ሲቀጣጠል ከሆነ ግን ፍራሽ ከመሸፈናችሁ በፊት ጭሱን አስወጡ። ምንም ዓይነት አስም ቢሆን በተፈጥሮው ሌሊት ይብሳል። ስለዚህ የአለርጂ ምርመራ ማግኘት ከቻላችሁ አድርጉት፣ ካልሆነም ያያችሁትን ለሐኪሙ ንገሩት።

2. ከትራስ ጀምሩ

ገንዘቡም ጊዜውም ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃችሁ ከሆነ ትራሱን አስቀድሙ። አፍንጫ ሌሊቱን ሙሉ የሚያድረው እሱ ላይ ነው።

ትራሱን ከልብሱ አውጡና ደጅ ብርሃን ላይ እዩት። ቢጫ ክብ ክብ ነገር ታያላችሁ፤ የላብና የምራቅ ምልክት ነው። በሁለት እጃችሁ ጨብጡት። ጥጡ ጓል ሠርቶ አንድ ጥግ ከተሰበሰበ ዕድሜውን ጨርሷል። ስፌቱን ጫፉ ላይ ትንሽ ፍቱትና መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት፤ ዱቄት የመሰለ ነገር ይረግፋል። (ይህን አስም ያለበት ሰው ባለበት አታድርጉት።) ብዙ ቤት ደግሞ ያረጀ ሹራብና ቁርጥራጭ ጨርቅ የተጎሰረበት፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ከባድ ትራስ አለ። ለመደገፊያ ይሁን። አስም ያለበት ሰው ግን አይተኛበትም።

በምትኩ ውስጡ ሰው ሠራሽ ፋይበር የሆነ፣ እንዳለ ሳፋ ውስጥ ገብቶ የሚታጠብ ትራስ ግዙ። ስፖንጅ ወይም ፋይበር ነው ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ ተባዩ እዚያም ይገባል። ጥቅሙ የሚታጠብ መሆኑ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ትራስ ይበቃል። አልጋ ላይ ለጌጥ የሚደረደሩት ትራሶች ወደ ሳሎን ይሂዱ።

3. ፍራሹን ፀሐይ አስመቱት

ፀሐይ ነፃ ናት፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ለወራት አትጠፋም። ሙቀትና ድርቀት አንድ ላይ ሲመጡበት ተባዩ አይችልም።

ፍራሹን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ አውጡት። መሬት ላይ አይጣል፤ ከታች እርጥበት ይስባል። ሁለት ወንበር ወይም አጥር ላይ አጋድሙት፣ ካልሆነ ሰሌን አንጥፉለት። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ገልብጡት። 9 ሰዓት ላይ ከነፋሱ በኩል ቆማችሁ በዱላ ደብድቡት፣ አቧራው ወደ እናንተ እንዳይመጣ። አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ወይም በማስክ ሸፍኑ። አስም ያለበት ሰው በዚህ ሰዓት ግቢው ውስጥ ባይኖር ይመረጣል። ብዙ ጊዜ ግን ይህን ሥራ የምትሠራው ቤት ውስጥ የምትረዳዋ ልጅ ናት፤ እሷስ ደረቷ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጠይቋት።

ፀሐይዋ ጠፍታ ከመቀዝቀዙ በፊት አስገቡት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች ደረጃ ማውረዱ ካታከታችሁ በረንዳው ላይ አቁሙት፣ እኩሌታውን ጥቅም ታገኛላችሁ። በበጋ በወር አንድ ጊዜ ካደረጋችሁት ብዙ ነው።

4. ሽፋን አሰፉለት

ፀሐይ ተባዩን ይገድላል፣ ዱላው የተወሰነውን ያራግፋል። ፍራሹ ሆድ ውስጥ የቀረውን ኩስ ግን ማንም አያወጣውም። መፍትሔው እዚያው አሽጎ ማስቀረት ነው። ፍራሹን ከስድስቱም ጎን የሚውጥ፣ ዚፕ ያለው ሽፋን ይሠራለታል።

ስለ ሽፋን የሚወራው ሁሉ እውነት ስላልሆነ ጥናቶቹን ልንገራችሁ። እንግሊዝ አገር ከሺህ በሚበልጡ አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ሽፋኑ ብቻውን ለአስማቸው ለውጥ አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ እዚያው እንግሊዝ፣ ለተባዩ አለርጂ በሆኑ 284 ልጆች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ አስም ተነሥቶባቸው ሆስፒታል የሄዱት ሽፋን ከተሰጣቸው ከ100 ልጆች 29 ገደማ፣ ተባዩን የማይከለክል የማስመሰያ ሽፋን ከተሰጣቸው ደግሞ 42 ገደማ ነበሩ። እኔ ከዚህ የምረዳው ይህን ነው፦ አለርጂው የተረጋገጠበት ልጅ ካላችሁ ለሽፋኑ ገንዘብ አውጡ። ለአዋቂ ከሆነ ከአጠባውና ከማድረቁ ጋር ካልተደመረ ብዙ አትጠብቁ።

ተራ አንሶላ ሽፋን አይሆንም፤ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ገበያ ስትወጡ ድሩና ማጉ ጥብቅ ያለ፣ ለስላሳ የጃንጥላ ጨርቅ ዓይነት ፈልጉ። ወደ ፀሐይ አንሡና እዩት። ብርሃኑ በነጥብ በነጥብ ከሾለከ ተዉት። ይህ ግምት ነው፣ ላቦራቶሪ አይተካም፣ ግን ከምንም ይሻላል። ልብስ ሰፊው ጋ የፍራሹን ቁመት፣ ወርድና ውፍረት ለክታችሁ ሂዱ፤ ውፍረቱን ረስቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፣ ከዚያ ሽፋኑ አልገባም ይላል። ስፌቱ ድርብ ይሁን። ዚፑ ከተዘጋ በኋላ በላዩ ላይ ሰፊ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ኩሱ በዚፑ ጥርስ ይወጣልና።

ይህ ካልተቻለ የላስቲክ ሽፋን አለ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ የምታዩት ዓይነት። ያሞቃል፣ ላብ ያመጣል፣ ሲገላበጡበት ይንኮሻኮሻል። ግን ይሠራል። ላይ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ በየሳምንቱ ይወለወላል፣ ከላዩ አንሶላ ይደረጋል። ሕፃን በሚተኛበት ላይ ግን ስስና የሚላቀቅ ላስቲክ በፍጹም አታድርጉ፤ ያፍናል። ለትራሱም ትንሽ ሽፋን በዚያው ጨርቅ አሰፉ። ትርፍራፊው ይበቃል።

5. አጠባው

ተባዩ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ውሃ ሲታጠብ ይሞታል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው 60 ነው። ማሽን ያለው ሰው 60 ላይ ያደርግና አለቀ። በእጁ የሚያጥበው ግን ቴርሞሜትር ከየት ያመጣል?

ሒሳቡን ልሥራላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው፤ ከፍታው ስላለ 94 ገደማ ላይ። የቧንቧው ውሃ 22 ነው እንበል። እኩል በእኩል ብትቀላቅሉት 58 ይሆናል፣ ጨርቁ ሲገባበት ግን ወዲያው ከ55 ይወርዳል። ሁለት እጅ የፈላ፣ አንድ እጅ ቀዝቃዛ ከሆነ 70 ይደርሳል። ሳፋውና ጨርቁ ቢያቀዘቅዙትም ከ60 ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ለአንድ ጆግ ቀዝቃዛ ሁለት ጆግ የፈላ። ቀዝቃዛውን መጀመሪያ አድርጉ፣ የላስቲክ ሳፋ እንዳይላላ። አንሶላውንና የትራሱን ልብስ ከተቱ፣ በእንጨት አጥልቁት፣ ክዳን አድርጉበትና 20 ደቂቃ ይቆይ። እጅ አይገባበትም። ሕፃናት ከአካባቢው ይራቁ፤ የፈላ ውሃ ሳፋ ወለል ላይ ሲቀመጥ የሚደርሰውን ጉዳት የማያውቅ ቤት የለም። ሲበርድ በሳሙና እንደተለመደው ታጥቦ ሁለት ጊዜ ይለቅለቅ።

ይህ በየሳምንቱ ነው። ማገዶው ወይም መብራቱ ካልፈቀደ አንዱን ሳምንት በሙቅ፣ ቀጣዩን በቀዝቃዛ እጠቡ። ቀዝቃዛ ውሃ ተባዩን ባይገድልም ኩሱን ግን አብዛኛውን ይወስደዋል፤ ፕሮቲኑ በውሃ ይሟሟል። ከዚያ ፀሐይ ይመታው፣ ሲደርቅ ትኩስ ካውያ ይለፍበት።

በረኪና አያስፈልግም። ሽታው ራሱ አስም ይቀሰቅሳል። ሽቶው የበረታ ሳሙናም እንዲሁ።

ብርድ ልብስ ሌላ ጉድ ነው። ጸጉሩ የረዘመ፣ አበባ ያለበት፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ብርድ ልብስ በየሳምንቱ እጠቡ ብል ማንም አይሰማኝም፣ እኔም አላደርገውም። በጋ ላይ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ይበቃል። ትልቅ ሳፋ ውስጥ ውሃና ዱቄት ሳሙና ይደረግና በእግር ይረገጣል። የመጀመሪያው ውሃ ጠቁሮ ይወጣል። ደፍታችሁ ድገሙት። ውሃው እስኪጠራ እየቀየራችሁ ርገጡት፣ ዋናው ቁም ነገር ያ ነው። ከዚያ አንዱ በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ይዞ ይጠምዝዘው። ይህን ለማድረግ ወደ ሐይቁ ዳር አትውረዱ። የጣና ዳርቻ ብልሃርዝያ አለበት፤ እግራችሁን ውሃው ውስጥ ነክራችሁ ስትረግጡ ትሉ በቆዳ ይገባል። ደረቱን ልናድን ጉበቱን አንስጥ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፍ ዘዴ አለ። ሁለት አንሶላ በሦስት ጎን ይሰፋና ብርድ ልብሱ ውስጡ ይገባል፣ አራተኛው ጎን በቁልፍ ይያያዛል። የሚታጠበው ልብሱ ነው። ወይም ብርድ ልብሱን ተዉትና ሁለት ጋቢ ደርቡ። ጋቢ ለማጠብም ለማስጣትም አያስቸግርም፣ ጸጉርም የለውም። አስም ላለበት ሰው ከባና እና ከጸጉራም ብርድ ልብስ ጋቢን እመርጣለሁ። ከሳጥን የወጣ የአምና ባና ደግሞ ሳይታጠብና ፀሐይ ሳይመታው ሰው ላይ አይጣል።

6. አጎበሩን አትርሱ፣ ግን ከአንሶላው ጋር አታጥቡት

ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ የወባ አገር ነው። አስም አለብኝ ብሎ አጎበር ማውረድ አይታሰብም። ሆኖም አጎበሩ ጣሪያው ላይ አቧራ ያጠራቅማል፣ ማታ ሲዘረጋ ፊት ላይ ይረግፋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ደጅ አውጥታችሁ አራግፉት።

አጠባው ግን የራሱ ሕግ አለው። ከፋብሪካ መድኃኒት ተነክሮ የሚመጣው አጎበር 20 ያህል እጥበት እንዲችል ሆኖ ነው የተሠራው። በየሳምንቱ ካጠባችሁት በግማሽ ዓመት ውስጥ ተራ መረብ ይሆናል። ቢበዛ በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳይፈተግ። የሚሰጣውም ጥላ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ፀሐይ ሲፈልግ የአጎበሩን መድኃኒት ፀሐይ ያበላሸዋል። እጣቢውን ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ወንዙ አትድፉ። ለዓሣ መርዝ ነው።

7. ጠዋት አልጋውን ቶሎ አታንጥፉ

እዚህ ላይ ከእናቶች ጋር ልጣላ ነው። ሰው ከእንቅልፉ እንደተነሣ አልጋ ማንጠፍ ጨዋነት ነው ተብለን አድገናል። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በላብና በትንፋሽ የወጣው እርጥበት ያለው አንሶላውና ፍራሹ ውስጥ ነው። ትኩስ ትኩሱን አልጋ ልብስ ከደፋንበት ተባዩን ቀለብነው ማለት ነው። ብርድ ልብሱን ወደ እግር በኩል ግለጡት፣ ትራሱን አቁሙት፣ መስኮቱን ክፈቱ። ቁርስ ተበልቶ፣ ቤት ተጠርጎ፣ ኋላ ይነጠፋል። እንግዳ ከመጣ የመኝታ ቤቱ በር ይዘጋ።

መስኮቱ ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ክፍት ይሁን። ከመምሸቱ በፊት ይዘጋ፣ ቢምቢ ይገባል። የመስኮት ወንፊት ካለ ግን ሌሊትም ትንሽ ገርበብ ማለት ይቻላል። ሐይቁ አጠገብ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ማታ መብራት ላይ የሚሰፍሩትን ጥቃቅን ዝንቦች ታውቋቸዋላችሁ። ሱዳን ውስጥ ዓባይ ዳር የዚህ ወገን የሆነች የማትናደፍ ዝንብ ብናኟ ብቻ በብዙ ሰው ላይ አስም ማስነሣቷ የታወቀ ነው። ስለዚህ መስኮት ላይ የሞተውን ዝንብ ክምር አትጥረጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሡት።

8. ክፍሉን በጥቂቱ

አልጋው ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳ ስንዝር ያህል ራቅ ይበል። ከአልጋው ሥር አየር ይለፍ። ሻንጣ፣ አሮጌ ጫማ፣ በተለይ የእህል ጆንያ ከዚያ ይውጣ፤ እህል ላይ የሚኖሩ ሌሎች ተባዮች አሉ፣ እነሱም አለርጂ ናቸው። ምንጣፍ መኝታ ቤት ውስጥ ባይኖር ጥሩ ነው። መጋረጃው ስስና የሚታጠብ ይሁን። በደረቁ አትጥረጉ፤ ውሃ ረጭቶ መጥረግን አያቶቻችንም ያውቁታል፣ መወልወል ደግሞ ይበልጣል።

ፍሊት ፍራሽ ላይ አትንፉ። የተጠራቀመውን ኩስ አያነሣም፣ ሽታው ግን ደረት ይዘጋል።

9. ዓመቱን በወራት መያዝ

ክረምት ላይ ጣና ዳር ያለ ቤት እርጥበቱን 50 በመቶ አደርሳለሁ ቢል ራሱን ያደክማል። አይወርድም። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ከክረምቱ በፊትና ከክረምቱ በኋላ ያለው ነው።

ግንቦት ሳያልቅ ብርድ ልብሶቹ ሁሉ ይታጠቡ፣ ፍራሹ ፀሐይ ይምታው፣ ሽፋኑ ይጠለቅ። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ አሁን ይጠገን። ፓፉም አሁን ይገዛ፣ በዝናብ ሌሊት ፋርማሲ ፍለጋ እንዳትወጡ።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብርድ ልብስ አታጥቡ። ሦስት ቀን ሳይደርቅ ቆይቶ ሽታ ይይዛል፣ ይሻግታል። አንሶላና የትራስ ልብስ ብቻ። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ግን ትራሱን ሩጡና አውጡት። እርጥብ ልብስ መኝታ ቤት ውስጥ አታስጡ። ክፍሉን ላድርቅ፣ ላሙቅ ብሎ ከሰል ማስገባት ደግሞ ከአስምም የከፋ ነው፤ ተዘግቶ ከታደረ ይገድላል።

የመስቀል ሰሞን ሰማዩ ሲከፈት ክረምቱን ሙሉ የተራባው ሁሉ ፍራሹ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው «የአደይ አበባው ነው» እያለ የሚያስነጥሰው በዚህ ጊዜ ነው። አበባውም ሊሆን ይችላል፣ ፍራሹንም ግን አውጡት። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ፀሐይ ይምታው፣ ብርድ ልብሱ ይረገጥ፣ የፍራሹ ሽፋን ወልቆ ይታጠብ። ከኅዳር በኋላ ሥራው ይቀላል፤ አየሩ ራሱ ያግዛችኋል።

ለውጡን በሳምንት አትጠብቁ። ኩሱ ቶሎ አያልቅም፣ ሁለት ሦስት ወር ስጡት። ሐኪሙ ፓፉን የሚቀንሰው እሱ አይቶ ሲወስን ነው። ሌሊት ስንቴ እንደነቃ፣ ማስታገሻውን ስንቴ እንደተጠቀመ ደብተር ላይ ብትጽፉለት ሥራው ይቀለዋል።

ለበዓል ዘመድ ቤት ስትሄዱ ደግሞ የታጠበ ትራሳችሁንና ጋቢያችሁን ያዙ። ለእንግዳ የሚወጣው ብርድ ልብስ ብዙ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ የቆየው ነው። አክስታችሁ «የእኔ አልጋ ተጠላ?» ብለው ቅር ካላቸው «ሐኪም አዞ ነው» በሉ።